ሻንጣው ቀድሟት ደረሰ

ጽጌ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሄዳ፣ ሦስት ሳምንት ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ተነክራ፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ አብርቶ መርሳ ገባች።

አካሄዷስ ደስ አይልም ነበር። ደሴ ላይ ሻይ ልቅመስ ብላ ስትወርድ ሚኒባሱ ሻንጣዋን ከነስልኳ፣ ከነመታወቂያዋ ይዞ በረረ። እልኸኛ ናትና በመቀነቷ በቋጠረችው ብር ሌላ መኪና ያዘች። የባሏን ቁጥር በቃሏ አታውቀውም። «ትንሽ ይናፍቁኝ እንጂ!» ብላ ተወችው።

በሯ ላይ ስትደርስ የፊት ለፊት ጎረቤቷ የሺእመቤት ጀሪካን አዝላ ነበር። አየቻትና ውሃውን ጥላ፣ «ኧረ የጌታ ያለህ!» እያለች ቤቷ ገባች።

«ሰው ሲመለስ እንኳን ደህና መጣሽ ነው የሚባል፣ አንቺ!» አለች ጽጌ እየሳቀች።

ግቢዋ ስትገባ ሳቋ ደረቀ። የእድር አግዳሚ ወንበሮች አጥሩን ተደግፈው ተደርድረዋል። መሬቱ በድንኳን ካስማ ተበሳስቷል። ዶሮዎቿ የንፍሮ ፍሬ ይለቅማሉ።

ባሏ ሀይሉ ወጣ። ጢሙ አድጓል። ጋራዥ ውስጥ ጣቱ ሲቆረጥ ያላለቀሰ ሰው፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ማን ነው? ማን ነው የሞተብኝ?»

«ቁጭ በይ። መጀመሪያ እህል ቅመሺ።»

እህል ቅመሺ! ጽጌ ይህችን ቃል ታውቃታለች። ስንቱን ሰው እንዲህ እያጎረሰች መርዶ አርድታለች።

«ፌቨንስ? ልጄስ?» ፌቨን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት።

«እየመጣች ነው።»

«ድምጿን አሰማኛ!»

ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው።

ጽጌ ግድግዳውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። አልጋው ሥር ሻንጣዋ አለ፤ አንዱ ጎኑ ተጨፍልቋል።

«ይኼን ማን አመጣው?»

«ፖሊሶች አመጡት።»

«ያ ሾፌር! ጥሎኝ መሄዱ ሳያንሰው ዕቃዬንም… እግዜር የሥራውን ይስጠው!»

«አትርገሚው፣ ጽጌ። ተይው በቃ።»

የልብስ ሳጥኗን ከፈተች። ባዶ ነው፤ አንድ ቀሚስ እንኳ የለም። ልጠይቅ ብላ ተወችው። ልጅ ሞቶ ስለ ቀሚስ ይጠየቃል?

ደጅ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይንሾካሾካል።

«አንቺ ግቢና ንገሪያት።»

«እኔ? ምን ብዬ! እንዲህ ያለ ነገር በምን አፍ ይነገራል?»

ጽጌ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ደረቷን እየደቃች፣ «ፌቨኔ! ልጄ፣ እዚያው ውሃ ስነከር በላሁሽ!» እያለች መሬት ላይ ተንከባለለች። ሀይሉ ሊያነሳት ይታገላል፤ «ኧረ አልሞተችም! በማርያም፣ አልሞተችም!» ይላል። ማን ይሰማዋል? የሚያረዳ ሰው መጀመሪያ ይዋሻል።

ያኔ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመ። ፌቨን፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ሰዉን ገፍታ ገባች። «እማ!» ብላ ላይዋ ላይ ወደቀች።

ጽጌ የልጇን ፊት፣ ጆሮ፣ ትከሻ ዳሰሰች። ሕያው ናት። ባሏም አለ። እናት አባቷን ድሮ ነው የቀበረች።

«ታዲያ ማን ነው? ለማን ነው ፀጉርሽን የተላጨሽ?»

ፌቨን ሳታስበው ወደ ቁምሳጥኑ ጀርባ ዓይኗን ጣል አደረገች። ጽጌ እጇን ሰደደች። ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ትልቅ ፎቶ ጎትታ ገለበጠች።

የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ የምትስቀው ራሷ ነበረች።