የእነ እምሩ ቤት ደረጃ

«የቤታችሁ ደረጃ የሚዞረው ወደ ግራ ነው» አለ ፍትዊ፣ እንደ ልማዱ ሊያናድደው።

እምሩ ቱግ አለ። «እየተጠማዘዘ ፎቅ የሚወጣ የእንጨት ደረጃ በመላው አዲስ አበባ ያለው እኛ ቤት ብቻ ነው! አንተ ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ መጥተህ ስለ ፒያሳ ልታስተምረኝ ነው? ወደ ቀኝ ነው!» ጣቱን አየር ላይ ወደ ቀኝ አሽከረከረ። ከዚያም ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ እንደሚያደርገው፣ ሊያሳየው የኮቱን እጅጌ ይዞ ጎተተው። ድሮ ክርክሩ የሚያልቀው ደረጃው ሥር ነበር፤ ፍትዊ ሽቅብ አይቶ «ሌሊት አዙረውት ነው» ይልና ሁለቱም በሳቅ ፍርስ ይላሉ።

እምሩ ጥቂት ተራምዶ ቆመ። ቤቱ ፈርሶ፣ እነሱም የከተማው ዳርና ዳር ከተዛወሩ ወዲህ እዚህ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር። ከፊቱ አዲስ ሣር፣ አግዳሚ ወንበርና የመብራት ምሰሶ ብቻ ነበር።

ፍትዊ ሣሩን አየ፤ የእምሩንም ፊት አየ። «ልክ ነህ» አለው ቀስ ብሎ። «ወደ ቀኝ ነው።»

በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ አምኖለት አያውቅም። እምሩ እጅጌውን ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«ተው እንጂ ፍትዊ» አለው። «ወደ ግራ ነው በለኝ።»