ያልተመለሰ ኖር

ጋሽ ሃብተማርያም ሲገቡ ኢትዮጵያዊው ወጣት ብድግ ብሎ «ኖር!» አለ። በኦክላንዱ የጎልማሶች ክፍል ኤርትራዊው ሽማግሌ ሁልጊዜ «በእግዜር» ብለው አጠገቡ ይቀመጡ ነበር። ዛሬ ግን፣ ባድመ ላይ ጦርነት በተጀመረ ሰሞን፣ ዝም ብለው አልፈው የኋላ ወንበር ያዙ። እሱም መልስ ሳያገኝ መቀመጥ ከብዶት ቆሞ ቀረ።

መምህሯ የአውሮፓን ካርታ እያሳየች፣ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አጋሮቹ አገሮች ለዘላቂ ሰላም ማቀድ የጀመሩት መቼ ነው?» ብላ የቆመውን ጠየቀችው።

«ጦርነቱ ሳያልቅ» አለ።

«ጎበዝ! ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም፤ ወደ ኋላ ዞሮ ሽማግሌውን አየ። እሳቸው አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው ካርታውን ለማየት ሞከሩ።

«ቁጭ በል እንግዲህ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ካርታውን ጋረድከኝ እኮ።»

«ልጄ» ማለታቸውን እያሰበ፣ ብቻውን ተቀመጠ።