ጋሽ ቧንቧ የሳሉት መስመር

ጋሽ ቧንቧ ማውሱን በሁለት ጣታቸው ያዙት፤ ይነክሰኛል ብለው የፈሩ ይመስላሉ።

"እዚህ ጋ ልጫን?" አሉኝ።

ዝም አልኩ። የሙከራው ደንብ እንደዚያ ነው፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው አጠገብ ይቀመጣል እንጂ አፉን አይከፍትም። እጄ ሳላስበው ወደ ማውሱ እንዳይሾልክ ሁለቱንም መዳፎቼን ከጭኔ ሥር ቀብሬያቸዋለሁ። ከኋላችን ኃላፊያችን፣ ኢንጂነሯ፣ ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

ነገ ጠዋት የተሰነጠቀው ዋና የውሃ መስመር ሊቀየር ነው። ለዚያ አንድ ቫልቭ ይዘጋል። የእኔ ፕሮግራም የውሃውን መንገድ በሥዕል የሚያሳይ ነው፤ ቧንቧ ይሳልበታል፣ ቫልቭ ይዘጋበታል፣ ውሃ የሚደርሰው ቤት ሰማያዊ ይሆናል፣ የማይደርሰው ግራጫ። ሁለት ጊዜ ሠርቼው ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆኗል። ኢንጂነሯ ጠዋት በር ላይ ይዛኝ፣ "ዛሬም እንዲያው ከሆነ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን" ብላኛለች።

የመጀመሪያውን ለጋሽ ቧንቧ ያሳየኋቸው ዕለት "ልጄ፣ ይሄ የማን ቋንቋ ነው?" ብለው ባርኔጣቸውን አንስተው ነበር የወጡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቫልቭ ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን ከባለቤታቸው በቀር የሚጠራው የለም። በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣሉ። ሁለተኛውም ውድቅ ሲሆን ሦስት ሳምንት ጉድጓድ ለጉድጓድ ተከተልኳቸው። አንድ ቀን መስመር ሊያስረዱኝ ቁጢጥ ብለው አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ሣሉልኝ። እንደ ኢንጂነሮቹ ከማጠራቀሚያው አልጀመሩም፤ ከሰው ቤት ጀምረው ወደ ኋላ ሄዱ። "ውሃ ጠፋ ተብሎ የሚደወልልኝ ከዚህ ነዋ!" አሉኝ። በማግስቱ የሠራሁትን በሙሉ አፍርሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

አሁን የሰፈሩን መስመሮች በቃላቸው ሊስሉ ማያ ገጹ ላይ ሆስፒታሉን ተጫኑ። ከእሱ ወደ ኋላ አንድ መስመር ጎተቱ። ቀጥለው ሌላ። ቫልቭ የሚቀመጥበት ጠፍቷቸው ማያ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሲያስሱ ምላሴን ነከስኩ። አገኙት። ከዚያ በኋላ ትከሻቸው እየላላ፣ ማውሱንም እየረሱት መጡ። "እዚህ ጋ ትታጠፋለች... ቀጭን ናት እቺ... አዎ፣ ትምህርት ቤቱ በሌላ በኩል ነው" እያሉ ከራሳቸው ጋር ያወራሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ፊታችን ተዘረጋ፤ ሁሉም ሰማያዊ።

"በሉ፣ የነገውን ቫልቭ ይዝጉት" አለች ኢንጂነሯ።

ዘጉት። ሆስፒታሉ ግራጫ ሆነ።

"ይኸው! ተበላሸ!" የወረቀቱን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። "ሆስፒታሉ በወንዙ በኩል ሁለተኛ መስመር አለው። በዚህ ቢዘጋ በዚያ ያገኛል። ፕሮግራምሽ ይሄን እንኳ አያውቅም።"

ክው አልኩ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? የጻፍኩትን ሁሉ በሐሳቤ እፈትሽ ጀመር።

ጋሽ ቧንቧ ግን ከማያ ገጹ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። "አልተበላሸም" አሉ ቀስ ብለው። "የወንዙን መስመር ያልሳልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"የለማ! መንገዱ ሲሰፋ ደፍነነዋል። በዚህ እጄ ነው ክዳን ያሰርኩበት። አሥራ አንድ ዓመት አለፈው መሰለኝ፤ ፕላኑ ላይ ማን ያስተካክለው?" ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። "ትናንት ስብሰባ ላይ 'ዝጉት፣ ችግር የለውም' ያልኩትም እኔው ነኝ። ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እጄ ነው ያልረሳው።"

ኢንጂነሯ ስልኳን አውጥታ ወንዙ አካባቢ ላሉት ሠራተኞች ደወለች። የሁለተኛውን መስመር ጉድጓድ እንዲከፍቱት ነግራቸው ድምፁን ለሁላችንም ከፍ አደረገችው። የብረት መክደኛ ሲጎተት ተሰማ። አንድ ሰው ሲወርድ ተሰማ።

"ደረቅ ነው" አለ ድምፁ። "ጫፉ ላይ ክዳን ታስሮበታል። ዝጎ ከቧንቧው ጋር አንድ ሆኗል።"

ኢንጂነሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ነገ ጠዋት" አለች፣ "ቀዶ ሕክምና ክፍሉ... ወላዶቹ..." አልጨረሰችውም።

"ነገማ ገና አልመጣም፣ ኢንጂነር።" ጋሽ ቧንቧ ከትምህርት ቤቱ መስመር እስከ ሆስፒታሉ ጓሮ አንድ ቧንቧ ጎተቱ። ሆስፒታሉ ሰማያዊ ሆነ። "መቶ ሜትር የማትሞላ ጊዜያዊ መስመር ናት። ዛሬ ከሰዓት ዘርግተናት እናድራለን።"

ሦስታችንም እኩል ተነፈስን፤ ተያይተንም ሳቅን። ኢንጂነሯ ተነስታ ፕላኑን ጠቀለለችና፣ "ይሄን ሥዕል ለነገው ቡድን በሙሉ አትሚልኝ" አለችኝ። ምስጋና አይወጣትም፤ ለእኔ ግን ከበቂም በላይ ነበር። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

ጋሽ ቧንቧ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ሙከራው ስላለቀ አሁን መናገር እችላለሁ።

"ልጄ፣ በዚህ ነገር ላይ ስንቴ መሳሳት ይፈቀዳል?"

"የፈለጉትን ያህል፣ ጋሼ።"

"ማንም ሳይጠማ?"

"ማንም ሳይጠማ።"

የማጠራቀሚያውን ትልቁን ቫልቭ ፈልገው አገኙት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ዘግተውት አያውቁም። በሩን ገልመጥ አደረጉና ዘጉት። ሰፈሩ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆነ። እጃቸውን አጣጥፈው፣ አፋቸው ላይ የመጣውን ፈገግታ እየዋጡ ትንሽ አዩት። ከዚያ መልሰው ከፈቱት፤ ሰማያዊው በዋናው መስመር ወርዶ፣ በየቅያሱ እየታጠፈ፣ ቤት ለቤት እየገባ ሲሄድ በጣታቸው ተከተሉት።