የቅዳሜ ግጥም

ፊታውራሪ አበጋዝን ደርግ ካሰራቸው ወዲህም አዝማሪው ውብአየሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው መምጣቱን አልተወም። ከራሱ አንድ ስንኝ ወጥቶት አያውቅም፤ ፊታውራሪ ግጥም ሲሰጡት ብቻ ተቀብሎ ይዘፍናል። ወይዘሮ ልክነሽ ሴቻ እስር ቤት ለባሏ የምታደርሰውን ስንቅ እየቋጠረች፣

«እስቲ ከድሮው አንዱን በልልኝ» አለችው። «ደግሞ እንደ ፍየል እንዳትጮህብኝ።»

«ፍየልም የምትጮኸው ሲርባት ነው፣ እመቤቴ።»

ማሲንቆውን ቃኘ። ከዚያ ወደ ፊታውራሪ ባዶ ወንበር ጎንበስ ብሎ አዳመጠና፣ «እሺ ጌታዬ» አለ።

«ስንቅ ይዘሽ አትውጪ ልኬ ወደ ሴቻ፣
ቤቴ ገብቻለሁ ትናንት ለብቻ።»

«ማን ሰጠህ ይህን?»

«እሳቸው ናቸዋ!»

የልክነሽ እጅ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ልኬ ብለው የሚጠሯት ባሏ ብቻ ነበሩ፤ ያውም ሰው በሌለበት።