ውሪትን የሚጠራት ፉጨት

አስመረት ከንፈሯን አሞጥሙጣ ትነፋለች። ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ድመቷ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሆና ቁልቁል ታያታለች፤ ጆሮዋን እንኳ አታነቃንቅም።

«ውሪት! ነይ የኔ እመቤት።»

በሳህን የከተፈችላትን ሳንባ ዝንብ ወሮታል። በየረር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ድመቷን ያስለመዳት ባሏ ኃይለኪሮስ ነው። ከሥራ ሲመለስ ከግቢው በር ውጭ ቆሞ ያፏጫል፤ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ። ውሪት የትም ትሁን እየሮጠች ትመጣለች፤ እሱም ከኪሱ ቋንጣ ያወጣላታል። ጥር ላይ የታጠቁ ሰዎች «ለአንድ ጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳል» ብለው ወሰዱት። በዚያ ግርግር ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ግቢው ጭር ሲል ወርዳ በልታ ትመለሳለች እንጂ ቤት ገብታ አታውቅም።

ቤቱ ውስጥ ከአስመረት ሌላ የሚተነፍስ ነገር የለም። ክረምቱ ሳይገባ ድመቷን እግሯ ሥር ማስተኛት ትፈልጋለች። ሌላ የምትፈልገውን ለማንም አትናገርም።

እንደገና ትነፋለች።

«አስመረት! አንቺ ነሽ የምታፏጪው?» ጎረቤቷ እትዬ አሰገደች ናቸው፣ ከአጥሩ ወዲያ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ድመቷን ልጠራት ብዬ ነው።»

«በስመ አብ! ሴት ልጅ ታፏጫለች? ጋኔን ልትጠሪብን ነው?»

አስመረት አንገቷን ትደፋለች። ከአጥሩ ወዲያ ኮቴ ይጠጋል።

«ኧረ እንደሱ አይደለም» ይላሉ እትዬ አሰገደች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምላስሽን ከታች ጥርስሽ አስደግፊ። ቀስ ብለሽ ንፊ።»

«እርስዎም ይችሉበታል?»

«ልጅ ሳለሁ እናቴ ለምን የገረፈችኝ ይመስልሻል? በይ ቶሎ፣ ሰው ሳይሰማ።»

አስመረት ምላሷን ታስደግፋለች። ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም።

ይወጣል። ቁርጥ የእሱ።

ቆርቆሮው ይንኳኳል። ውሪት አጥሩን ረግጣ ትዘላለች፤ በሳህኑ አጠገብ፣ በተዘረጋው የአስመረት እጅ አጠገብ እየሮጠች ታልፋለች። የግቢው በር ሥር ደርሳ ቁጭ ትላለች፤ ቀና ብላ መቀርቀሪያውን ታያለች።

«መጣች?» ይላሉ እትዬ አሰገደች።

የመጀመሪያው ጠብታ ሳህኑ ላይ ያርፋል። አስመረትም ፉጨቱ ከአፏ እንደወጣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራለች፤ እስካሁን አልመለሰችውም።