በሁዳዴ የጮኸው አምፕሊፋየር

እትዬ ደመቀች ለቀበሌው ማህበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ለጋሽ ወንድሙ፣ ቁርጡን ነገሯቸው። «ወይ ጎረቤቴ ብርሃኔ አምፕሊፋየሯን ትዘጋለች፣ ወይ እኔ ቤቴን ሸጬ ከሸዋ ሮቢት እወጣለሁ። ሦስተኛ የለውም!»

ቤቱ ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚሸጥ አልነበረም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሽንኩርት ቸርችረው፣ ማንጎ ቸርችረው፣ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ እየገዙ ያለበሱት ቤት ነው።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ እርጉም ዕቃ ነው። አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ የደብረ ሲናው ሹፌር የጋሽ ገሠሠ ነበር። ጋሽ ገሠሠ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያስጮኹት አንድ ቀን እንኳ አላስቸገራቸውም፤ ስሙ ሲነሳ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያሞግሱት። የእትዬ ደመቀች ልጅ ሮቤል ገዝቶ ወደ ቆላ ሲያወርደው ግን ጠባዩን ለወጠ። ጠዋት አንበሳ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ዘፈኑን መሃል ላይ ቀጥ! ግማሽ ሰዓት በካርቶን ካላራገቡለት አይነሳም።

እትዬ ደመቀች ነገር ውጠው የሚተኙ ሴት አይደሉም። ዕቃውን አውቶቡስ ላይ ጭነው ደብረ ሲና ወጡ። እዚያ ብርድ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ አንዳች እንከን ዘፈነ።

«ዕቃዬ ደህና ነው» አሉ ጋሽ ገሠሠ እየሳቁ። «ሂጂና ያንን ሙቀታችሁን አስጠግኚ!»

እትዬ ደመቀች ዕቃውን ታቅፈው እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ እያጉረመረሙ ተመለሱ።

እንግዲህ በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሮቤል እናቱን ሳያማክር አምፕሊፋየሩን ለጎረቤታቸው ለብርሃኔ ሸጠላት።

«ለብርሃኔ? አጥራችንን አንድ ክንድ ለገፋችብን ለብርሃኔ?»

«እማዬ፣ የተበላሸ ዕቃ ነው። ቢሄድልን ምን ቸገረሽ?» አለ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

የት ሊሄድ! ብርሃኔ ትልቁን ስፒከር በረንዳዋ ላይ፣ ፊቱን ወደ እትዬ ደመቀች አጥር አዙራ ገተረችው። ንጋት ላይ ይጮሃል፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ዝም። ረፋድ ላይ ይጮሃል፣ ደግሞ ዝም። ሰዓት የለው፣ ወግ የለው። ያውም ዘፈን! ያውም በጾም!

እትዬ ደመቀች አጥሩ ሥር ቆመው ይጮሁባታል።

«አንቺ ሴት፣ እግዜርን አትፈሪም?»

«አልሰማሁሽም!» ትላለች ብርሃኔ ጆሮዋን በጣቷ እያሳየች።

ይባስ ብሎ አንድ ቀን ከግቢዋ የሚነጠር ቅቤ ሸተታቸው። በሁዳዴ ቅቤ! ያቺ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት! ልጇ ጸደንያ አጣዬ ጤና ጣቢያ ተመድባ ከሄደች ወዲህ የሚገስጻት ጠፍቶ ነው ሲሉ ደመደሙ። ጸደንያን ይወዷታል። እናቷን አይተው እንጂ ልጅቷስ ጨዋ ናት። የገና በዓል ከዋለ ወዲህ ግን ዓይኗን አይተውት አያውቁም።

ለሮቤል ሲነግሩት «ተያት» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። እሱም ሰሞኑን ሌላ ሰው ሆኗል። ዓይኑ ቀልቶ ይነሳል፤ ሱቁን በቀን ሁለቴ ሦስቴ ዘግቶ ይጠፋል፤ የሱቁን ቬንቲሌተር የት እንዳደረሰው ሲጠይቁት «ጥገና ነው» አላቸው።

ጋሽ ወንድሙ ለብርሃኔ ሁለት ጊዜ መጥሪያ ላኩ። ሁለቱንም ጊዜ መልእክተኛውን በዘፈን አደንቁራ «አልሰማሁም» ብላ ሰደደችው።

«የዕቃውን አመል የማውቀው እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ደመቀች። «በቀትር እንሂድ። ሲግል ራሱ ቀጥ ይላል። ያኔ አልሰማሁም የምትልበት አፍ አይኖራትም።»

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሄዱ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ባጃጆቹ እንኳ ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል። አምፕሊፋየሩ በረንዳው ላይ ያጓራል። ብርሃኔ እንዳየቻቸው ሮጣ የቤቷን በር በሁለት እጇ ዘጋችው።

እትዬ ደመቀች ግን ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ነበር። አምፕሊፋየሩ ላይ ቬንቲሌተር ይነፍስበታል። አወቁት፤ አንዱ ክንፉ በሽቦ የታሰረ የገዛ ራሳቸው ቬንቲሌተር ነው።

«የኔን ዕቃ! በኔው ልታስጮኺብኝ!» ብለው ሄደው የቬንቲሌተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀሉት።

«ደመቀች፣ ተይ! ስለ እመቤቴ ተይ!»

«ይኸው፣ ዛሬስ ሰማሽኝ!»

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ጋሽ ወንድሙ መጥሪያውን ግንባራቸው ላይ ጥላ አድርገው ጠበቁ። ብርሃኔ ከበሩ ንቅንቅ አላለችም፤ እንባዋ ግን ጉንጯ ላይ ይወርዳል። እትዬ ደመቀች እንባውን አይተው ደስ አላቸው።

አምፕሊፋየሩ ዘፈኑን መሃል ላይ ቀጥ አደረገው።

ግቢው ዝም ሲል፣ ከጓዳ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

«ይኼ ደግሞ የማን ነው?» ብለው እትዬ ደመቀች ጮኹ።

ሮቤል በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፎ፣ በባዶ እግሩ ከጓዳው ወጣና «የኔና የጸደንያ ነው፤ እማዬ፣ ከጮኽሽ አይቀር ስም አውጪለት» አላቸው።