ከዱቄቱ ጆንያ በስተጀርባ

ተሻለ በጅጅጋ ከተማ፣ በእናቱ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በዱቄትና በስኳር ጆንያዎች መካከል ከተቀመጠ እነሆ ሠላሳ አራተኛ ቀኑን ያዘ። በሩ አልተቆለፈበትም። መቆለፍም አላስፈለገም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ዕለት ታይፎይድ ይዞት ተኝቶ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ካሳነሽ የፈተና ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ውጤት አልመጣልህም፣ ልጄ።»

ተሻለ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአንደኛነት ወርዶ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ታላቅ ወንድሙ ትግሉም እንዲሁ ጎበዝ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ በገባ በዓመቱ በግቢው ረብሻ ተነሥቶ፣ ወደ ጅጅጋ የተመለሰው አስከሬኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ተስፋ ሁሉ በተሻለ ላይ ወደቀ፤ እናቱም ከዐይኗ እንዲርቅ አትወድም።

«ለጠየቀኝ ሁሉ አልፏል፣ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ሄዷል፣ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ይገባል ብያለሁ» አለችው። «መሳቂያ አታድርገኝ። የሚሆነውን እስካስብ ድረስ አትውጣ።» ጓደኞቹ እየደወሉ እንዳያስጨንቁት ስልኩንም ወሰደችበት።

እሺ አለ።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን በሙሉ በሳንቃው ስንጥቅ የሱቁን ወሬ ያዳምጣል።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ካሳዬ! ሐኪም ወለድሽልን» ትላለች ከጎን ጨርቅ የምትሸጠው ሪሐና።

«አሜን» ትላለች እናቱ፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። ውሸቱ ከብዷት ነው ብሎ ተሻለ ከሳንቃው ዘወር ይላል።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ጠዋት የክፍል ጓደኛው ዩኒስ ሳሙና ሊገዛ ገባ። ዩኒስ ሁልጊዜ ሁለተኛ ይወጣ የነበረ፣ አምና «ፕሮፌሰር» የተባለ ልጅ ነው። እርሱም ፈተናውን አላለፈም። ከሀርሺን በግ ሊሸጡ የመጡት አዛውንት ባሬ ገና ሲያዩት ሳቁ።

«ወርያ፣ አንተ ፕሮፌሰር! ባጃጁን መቼ ትጀምራለህ?»

«ድሮም ያስታውቅበት ነበር» አለች ሪሐና ከጎን ብቅ ብላ። «ኳስ ሜዳ እየዋለ!»

«ኳስ ሜዳማ ከተሻለ ጋር ነበር የምውለው» አለ ዩኒስ።

«እሱማ አእምሮውን ሊያሳርፍ ነው!» አሉ ባሬ።

ዩኒስ አንገቱን ደፋ። በጓዳው ያለው ተሻለም አብሮት ደፋ።

በዚህ መካከል የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ጀዕፈር ገቡ። ተሻለ ወደ ስንጥቁ ተጠጋ። ከከተማው ሰው ሁሉ የፈተናውን ውጤት አሳምረው የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

«ወይዘሮ ካሳነሽ» አሉ ሰላምታም ሳያስቀድሙ፣ «ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ለሰው ይናገራሉ አሉ። አልገባም፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።»

የባሬ ሳቅ አፋቸው ላይ ቀረ። በስንጥቁ በኩል እናቱ የያዘችውን ሚዛን አስቀምጣ ወደ ጓዳው በር ስትመለከት ተሻለ አየ። ይህች ሴት በእርሱ ምክንያት በሰው ፊት ልትዋረድ ነው። ሊጠፋ የሚችልበት ሌላ በር ቢኖር ኖሮ በዚያ በወጣ ነበር፤ ያለው አንድ በር ግን ወደ ሱቁ የሚያወጣው ነው።

ከፈተው።

ሪሐና ጮኸች። ዱቄት የነካውን ሸሚዙን ሳያራግፍ በመካከላቸው ቆመ።

«እናቴን አይጠይቋት፣ ጋሼ። ያስዋሻት የእኔ ውርደት ነው። ዩኒስንም ተዉት፤ እኔም እንደ እርሱ ወድቄያለሁ።»

ወይዘሮ ካሳነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና በቆመችበት ወደ ወለሉ ወረደች።

አቶ ጀዕፈር አንዴ እርሷን፣ አንዴ እርሱን ተመለከቱ።

«ማን ነው ወድቀሃል ያለህ? ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥተህ ስምህን በትምህርት ቤቱ በር ላይ የለጠፍሁት እኔው ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ግን ትናንት ተዘጋ።»